ግልብጥ ፊደል

ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከፎቁ ደረጃ ሥር፣
አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት፣ ግድግዳው ላይ ምስማር፤
ይኸ ነው መሥሪያ ቤቴ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ማኅተም ቀርጫለሁ ለጠየቀኝ ሁሉ፤
ለእድር፣ ለወፍጮ ቤት፣ ለበግ ነጋዴዎች፣
ለቀበሌ ጓዳ፣ ለትምህርት ቤቶች።

ለሰው ቀና እንዲሆን ለራሴ ገልብጬ፣
ከቀኝ ወደ ግራ በምላጭ ቆራርጬ።
የቁርኣን ቤት ልጅ ነኝ፤ ከቀኝ መጀመር
ከሼኹ እግር ሥር የለመድኩት ነገር።

የኔ ማኅተም የሚያውቀው ሁለት ቃል ነበረ፤
«ተፈቅዷል»፣ «ተከልክሏል»፤ ሌላም አልጨመረ።
ቀለሙም አንድ ነው፣ ወይን ጠጅ፤ ጣቶቼን
ስታይ ሚስቴ ስቃ፣ «ማን አተመው ባሌን?»

አምና በክረምቱ፣ ጦሳን ጉም ሲውጠው፣
ደንበኛ ሲጠፋ፣ ደጄን ዶፍ ሲያጥበው፣
የእህቴ ልጅ ጦይባ መጣች ተሸክማ
አሮጌ ስሊፐር፣ የብስክሌት ጎማ፣
ሦስት ብልቃጥ አክሪሊክ፤ ነጭና ሰማያዊ፣
ሦስተኛው የበለስ ልብ፣ ቀይ አይሉት ብርቱካናዊ።

«አጎቴ፣ ምላጭህን።»
«ምን ልትቀርጪ?» «ቅጠል።»
«የቱ መሥሪያ ቤት ነው ማኅተሙ ቅጠል?»
«የማንም» አለችኝ።

ቀለሙን አፈሰሰች፣ ጎማውን ዘፈዘፈች፣
እንደ ጉርሻ አጥቅሳ ጣውላው ላይ ለጠፈች፤
ደም ሥሩ ሁሉ ጠፍቶ፣ ቅጠሉ ሰምጦ፣
ያህያ ኮቴ መሰለ፣ ጭቃ ውስጥ ተረግጦ።

አላስቻለኝም፤ ተነሣሁ።
«ቀለሙ ጎማውን ይሳመው፣ አያጥበው፤
በስፖንጅ ነካ ነካ። ቀጥ አርገሽ ተጫኚው፤
እጅሽ እንዳይወዛወዝ። ስታነሺው ደግሞ፣
ልጅ እንደሚገልጡ፣ ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣ ቀስ ብሎ፣ ታግሞ።»

እሷም በተራዋ፦ «ይኼ ቀለም ችኩል ነው፤ አንዴ ከደረቀ
ጋዝ ቢሉት፣ ውሃ ቢሉት፣ ማን እንዳስለቀቀ!»

የዱቄቱ ጣሳ የገብስ ዛላ አወጣ፤
ባሮጌ ትሪ ላይ ቦርከና ፈስሶ መጣ፤
ከስሊፐር ተረከዝ ጨረቃ አወጣን፣
ከብስክሌቱ ጎማ የመርሳን ብርቱካን።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ተከልክሏል» ያለ እጄ
ወፍ ሲቀርጽ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቀችብኝ ልጄ።

ለሉባባ ሠርግ የጌጥ ሳጥን ታዘዘ።
እኔ ሐይቅ ለለቅሶ ሄጄ፣ ቀኑም ተያዘ፤
ጦይባ ብቻዋን ጨረሰችው።
ዳር ዳሩን ሐረግ፣ ጎን ጎኑን ጽጌረዳ፣
ክዳኑ ላይ ስሟን፣ ነጭ በሰማያዊ ሜዳ።

ስመለስ አየሁት። ቆሜ ቀረሁ።
ምክሬን ሁሉ ሰጥቼ ዋናውን ረሳሁ!
ጎማው ላይ በቀና ቀርጻዋለች ለካ፤
ጣውላው ላይ ግልብጥ ነው፦ «ባባሉ»።
ሁለቱም «ባ» በግራ እግራቸው ቆመዋል፣
የ«ሉ» ቀንድ በግራ በኩል ወጥቷል፣
አክሪሊኩም ደርቋል።

ጦይባ ጥግ ይዛ አለቀሰች።
የሙሽራዋ እናት ሳጥኑን እያየች፣
«የልጄ ስም ተገልብጦ! ሚልኪው አላማረኝ» አለች።
ጥፋቱ የኔ ነው ልል አፌን ስከፍት
ሉባባ ሳጥኑን አንሥታ ወሰደችው
ወደ ቁም ሳጥኑ መስታወት።

ዝም ብላ አየች።
እኛም በትከሻዋ አሻግረን አየን፤
«ሉባባ» ይላል፤ ቀጥ ብሎ፣ ቀና፣
እኔ እንኳ እንዲያ አድርጌ ቀርጬ አላውቅም፣ ባላህ!

«አትንኩት» አለች። «ከዚሁ ፊት ለፊት ይቀመጥ።
ጧት ጧት ፀጉሬን ስሠራ ለእኔ ይነበባል፤
ለሌላው ሰው ይገልበጥ።»

ትናንት የእድሩ ጸሐፊ ማኅተሙን ሊወስድ መጣ።
መሞከሪያ ወረቀት ላይ ሁለቴ መታሁለት፤
ክቡ ጥርት አለ፣ ፊደሉም ቀና ሆነለት።
ግን አንገቱን ዘንበል አርጎ ጥጉ ላይ አፈጠጠ፤
ትንሽ ቅጠል ነበረች፣ በበለስ ልብ ቀለም፣ ደም ሥሯ ያልሰመጠ።
«ይኼስ?» አለኝ።
«እሱ» አልኩት፣ «አይከፈልበትም።»